ባለፈው ነሐሴ ያደስነው ቤት ግድግዳው ረግፏል፤ የዓመቱ ሪፖርት ላይ ልጻፈው ወይስ ልተወው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከደሴ ነው። የአንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ክበብ ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ምናምን ሰው ነን፤ አስተማሪ አለን፣ ባለሱቅ አለን፣ ሁለት ነርሶች አሉን፣ የቀረው ተማሪ ነው። ዓመታችን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሪፖርት ልጽፍ ተቀምጫለሁ።

ዝርዝሩ ያምራል። 3 ቤት አድሰናል፣ 400 ችግኝ ተክለናል፣ ለተማሪዎች ደብተር ሰጥተናል፣ ደም ለግሰናል፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ማዕድ አጋርተናል። ከዚያ ቀኖቹን ቆጠርኳቸው። አንድ ላይ ወጥተን የሠራንባቸው ቀናት 11 ብቻ ሆኑብኝ። ከነሱም 8ቱ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ናቸው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ የት ነበርን?

ባለፈው ሳምንት ነሐሴ ላይ ቤታቸውን ያደስንላቸው እናት ዘንድ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ረግጬው አላውቅም። የመረግነው ግድግዳ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ረግፏል። ማገሩ አጽሙን አውጥቷል። ቀዳዳው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ጠቅጥቀውበታል። ቡና አፈሉልኝ፣ ቆሎ አቀረቡልኝ፣ ስለ ግድግዳው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔው አነሳሁት። ልጆቹ በዝናብ ስለለፉ ምስጋና እንጂ ቅሬታ እንደሌላቸው ነገሩኝ። ወሬውንም ወደ ጤናዬ ወሰዱት። ከዚያ ቤት የወጣሁት አንገቴን ደፍቼ ነው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኸው። ተመልሰን ሄደን ያላየነውን ሥራ ሪፖርት ላይ መቁጠር የለብንም። ልክ ነኝ ወይስ አካብጄዋለሁ? በየከተማችሁ ያላችሁ ክበባት እንዴት ነው የምታደርጉት?

ከሳምንት በኋላ የጨመርኩት፦ ምላሹ በዛ። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ እንዲቀልላችሁ ሁሉንም በየቁጥሩ፣ በራሴ አባባል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

ምላሽ 1። ከደብረ ብርሃን አንዲት እህት ናት። በጣም በትህትና ነው የጻፈችው። 11 ቀን ቀላል እንዳልሆነና የነሱ ክበብ ከዚያም ያነሰ እንደወጣ ነገረችኝ። ሥራው ክረምት ላይ የሚከማቸው በስንፍና አይደለም ትላለች፤ ተማሪው የሚፈታው፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆችም ወደየቤታቸው የሚገቡት ያኔ ነው። ጉልበት ያለው ሐምሌ ላይ ነው። ሪፖርቱን እንዳለ እንድጽፈውና ራሴን እንዳላስጨንቅ መከረችኝ።

ምላሽ 2። ከባሕር ዳር። ከኔ ጋር ይስማማል፤ እንዲያውም አንድ እርምጃ ቀድሞኛል። የነሱ ክበብ የመመለሻ ደብተር የሚሉት ነገር አለው። አንድ ቤት ሲታደስ ደብተሩ ላይ ሁለት ቀን ይጻፋል፤ ከሦስት ወር በኋላ እና ከዓመት በኋላ። በዚያ ቀን ሁለት ሰው ሄዶ ያያል። ምንም ይዞ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ቡና ጠጥቶ ግድግዳውን ዳብሶ ይመለሳል። ይህን ሳነብ ቀናሁ።

ምላሽ 3። እዚህ ላይ ነገሩ ጠለቀ። ከጎንደር የጻፈ፣ በጭቃ ቤት ሥራ ያደገ ወንድም ነው። ስህተታችንን አንድ በአንድ አስቀመጠው፣ ቅር አላለኝም። ጭቃና ጭድ ተቀላቅሎ ከተረገጠ በኋላ ቢያንስ ሳምንት፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ሊሰነብት ይገባዋል። በየመሃሉ ውሃ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ሲለሰልስ ነው ጭቃውን አንቆ የሚይዘው። እኛ ጠዋት አቡክተን ከሰዓት ነው የመረግነው። ሁለተኛው ነገር ወሩ ነው። ነሐሴ ላይ ምርጊት አይደርቅም፤ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ሆዱ እርጥብ ነው። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ ከማገሩም ይለቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ጥርቅም ብሎ ሳይደርቅ ሁለተኛውን መደረብም ድካም ብቻ ነው ይላል። የጭቃ ሥራ ወሩ ከጥቅምት በኋላ ነው። እሱ ያለውን ሳነብ የዚያን ቀን እጄ ላይ የነበረው ጭቃ ትዝ አለኝ። ይንሸራተት ነበር። ጭዱ ገና ቢጫ ነበር፣ እንደ መርፌ ይወጋ ነበር። አንዱ ልጃችን በጣቱ ግድግዳው ላይ የክበቡን ስም ሲጽፍ ውሃው በጽሑፉ ውስጥ ይወርድ ነበር። ያኔ ሁላችንም ስቀን አለፍነው።

ምላሽ 4። የኛው የደሴ ሰው ነው፤ ሦስተኛውን አሟልቶ አንድ ነገር አረመ። ከታች እስከ ጉልበት ብቻ ከረገፈ ጥፋቱ የጭቃው ብቻ አይደለም፣ የጠፈጠፉ ነው። የቆርቆሮው ክፈፍ አጭር ሲሆን ጠፈጠፉ ከግድግዳው ሥር ያርፋል፤ ከመሬት የሚረጨው ውሃ ነው ምርጊቱን የሚበላው። ክፈፉን ማስረዘም፣ ከሥሩ ድንጋይ መደርደር፣ ዙሪያውን ቦይ መቅደድ። ይህ ካልተደረገ የትኛውም ወር ላይ ቢመረግ ዋጋ የለውም። እውነቱን ነው። እኛ አዲስ ቆርቆሮ መምታታችንን እንጂ ክፈፉ ስንት እንደወጣ አላየንም።

ምላሽ 5። እዚህ ድምፁ ተለወጠ። ከየት እንደሆነ አልገለጸም። ክበብ የሚባለው ሁሉ ለቲሸርትና ለባነር ነው የሚወጣው ብሎ ጀመረ። በሱ ሰፈር ለበዓል አምስት ሊትር ዘይት የተሰጣቸው አንድ አባት ዘይቱን ታቅፈው ፎቶ እንዲነሱ ተደረገ፤ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰደበበት። ልጁ ከዚያ በኋላ ለበዓል የሚመጣ ሰው ሲያይ ከቤት ይወጣል። ስለ ግድግዳ ከማውራታችሁ በፊት ስለዚያ ልጅ አውሩ ብሎ ጨረሰ። ቃሉ ጠንካራ ነው፤ የነገሩን ልክነት ግን ልክደው አልችልም።

ምላሽ 6። ለአምስተኛው የተሰጠ መልስ ነው፣ ተቆጥታ ነው የጻፈችው። የአንድ ክበብ ገንዘብ ያዥ ናት። ፎቶ ከሌለ ሁለተኛ ጊዜ የሚሰጥ ሰው እንደማይገኝ፣ ቆርቆሮና ሚስማር በምርቃት እንደማይገዛ፣ ዳር ቆሞ መተቸት ቀላል እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ግን በረድ ብላ የነሱን ደንብ ጻፈች፤ ይህ ለሁላችንም ይጠቅማል። ቤቱ ይነሳል፣ ሰው አይነሳም። የምግብ እርዳታ ጨርሶ አይነሳም። ዕቃ የሚደርሰውም ሲመሽ ነው፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ።

ምላሽ 7። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ወንድም። እነሱ በየወሩ አዋጥተው ላገር ቤት ክበብ ይልካሉ። ፎቶ የሚጠይቁት እነሱ ስለሆኑ ጥፋቱ የነሱም ነው አለ። አንድ ጊዜ የላኩት ገንዘብ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀርቶባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ነው ፊት ካልታየ አንልክም ያሉት። የስድስተኛዋን ደንብ ለማኅበራቸው ወስዶ እንደሚያነብላቸው፣ ከዚህ በኋላም ከፎቶ ይልቅ የዕቃ ደረሰኝ ቢላክላቸው እንደሚመርጡ ጻፈ።

ምላሽ 8። ከሐዋሳ፣ በላቦራቶሪ ሙያ የምትሠራ እህት ስለ ደም አነሳች። እኔ ደም ለግሰናል ብዬ በአንድ መስመር ያለፍኩት ነገር አልተዋጠላትም። ክበባት ሁሉ በአንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም በበዓል ሰሞን፣ ተሰልፈው ይሰጣሉ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ይጠፋሉ። ቀይ የደም ሕዋስ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ለ35 ቀን ያህል ነው፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት የሚባለው ደግሞ 5 ቀን ብቻ። ስለዚህ የጥር ደም ለሐምሌ ወላድ አይደርስላትም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ተማሪው ተበትኖ የደም ባንኩ የሚሳሳበት ጊዜ ነው። 20 ሰው ያለው ክበብ በየወሩ ስድስት ሰባት ሰው ተራ ቢያወጣ በሦስት ወር አንድ ዙር ይዞራል፣ ደሙም አይቋረጥም ትላለች። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት፣ ይሠራል።

ምላሽ 9። አንድ ሰው በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ደም መስጠት አቅም ያሳጣል ብሎ ተቃወመ። አጎቱ እንደነገሩት ጠቅሷል።

ምላሽ 10። ስምንተኛዋ ተመልሳ አረመችው። እድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ከመስጠቱ በፊትም የደም ማነስና የደም ግፊት ስለሚታይ የማይችል ሰው እዚያው ይመለሳል። ለአጎትየው ያላትን አክብሮት ሳትነካ ነው ያለችው።

ምላሽ 11። የሮታራክት፣ ማለትም የሮታሪ የወጣቶች ክለብ፣ አባል የሆነ ወጣት። የነሱ ዓመት የሚጀምረው እንደ ፈረንጆቹ ጁላይ 1፣ ማለትም ሰኔ 24 ስለሆነ ርክክብ ላይ ናቸው። በሮታሪ ፕሬዚዳንት በየዓመቱ ይቀየራል። ጥሩ ጎኑ አንድ ሰው ወንበር ላይ አይደርቅም፤ መጥፎ ጎኑ አዲሱ ሰው ያለፈውን ሥራ እንደራሱ አያየውም። መፍትሔውን ከፖሊዮ ሥራ ወሰደው። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ፖሊዮን ለማጥፋት ዘመቻ ጀመረ፤ ስንትና ስንት ፕሬዚዳንት ቢቀያየርም ጉዳዩ አልተቀየረም። የአፍሪካ አህጉር ከዱር ፖሊዮ ነፃ ነው የተባለው በ2020 ነው፣ ያም 35 ዓመት መሆኑ ነው። የሱ ምክር፦ አምስት ዓይነት ሥራ ከመጀመር አንድ ይዞ መክረም።

ምላሽ 12። ከወረኢሉ የጻፉ ትልቅ ሰው ይመስሉኛል፣ አንቱ ብያቸዋለሁ። የፈረንጅ ክለብ ምሳሌ አልተመቻቸውም። ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ማለትም የሰፈሩ እድር፣ እያለ ምን ክበብ ያስፈልጋል ነው ጥያቄያቸው። ቅሬ ሪፖርት አይጽፍም። ሰው ሲሞት እስላም ክርስቲያን ሳይል ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ እንጀራ ያመጣል፣ ያዘነውን ያስተዛዝናል። ቤት የተቃጠለበትንም ደቦ ወጥቶ ያቆምለታል። ግድግዳው የረገፈው ጎረቤት ስላልነበረበት ነው አሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት።

ምላሽ 13። ለአሥራ ሁለተኛው፣ ትንሽ በስለት። ቅሬም ሆነ እድር መዋጮ የከፈለ ሰው ነው የሚጠቅመው፤ ወርኃዊውን መክፈል ያቃተው ዝም ብሎ ከመዝገብ ይወጣል፤ ክበብ የሚፈልገው ያንን ሰው ነው ይላል። የሱ እናት ከእድር የወጡት በ20 ብር ምክንያት እንደሆነ ጨመረ። ተደራጅቶ በፈቃድ ማገልገልም የፈረንጅ ብቻ አይደለም ብሎ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን አነሳ፤ የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው፣ የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ። በኅዳር 1928 ደሴ ከአየር ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። በዚህች ከተማ ቁስለኛ የተሸከሙ ሰዎች ነበሩ ለማለት ነው።

ምላሽ 14። አሥራ ሁለተኛው ሰው ተመልሰው ስለ እናቱ አዝነው ጻፉ። በሳቸው ቅሬ አቅም ያጣ ሰው በሽማግሌ ውሳኔ መዋጮው ይነሳለታል፤ ሌላ ቦታ እንደዚያ አለመሆኑን ግን አላሰቡበትም ነበር። ክበቡና ቅሬው ይገናኙ ብለው ሐሳብ ሰጡ። ቤት ከመታደሱ በፊት የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ይጠየቅ፣ ከታደሰ በኋላም ጎረቤት በአደራ ይረከበው። ከምላሹ ሁሉ ለኔ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው። እኛ የቀበሌ ዝርዝር ይዘን ነው የሄድነው፤ ጎረቤቶቻቸውን አንዳቸውንም አላነጋገርንም።

ምላሽ 15። ከደብረ ታቦር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ምላሿ አጭር ናት፤ የትራኮማ የዓይን በሽታ መድኃኒት በዘመቻ በዓመት አንዴ ይታደላል፣ የሕፃን ፊት ግን በየቀኑ መታጠብ አለበት። መድኃኒት ለማደል በጎ ፈቃደኛ ሞልቷል፣ ጥር ላይ ውሃ ራቅ ካለ ምንጭ የሚያመጣ የለም። እሷ የምትፈልገው ክበብ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ትምህርት ቤት ሄዶ የእጅና የፊት መታጠቢያው ጀሪካን ውሃ እንዳለው የሚያይ ነው።

ምላሽ 16። አንዱ ወደ ሕግ ወሰደው። ክበባችን የተመዘገበ እንደሆነ ጠየቀና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ስለ አስተዳደራዊ ወጪ የሚለውን አስረዳ፤ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጠቃሚ ነው፤ ግን እኛ የመዝገብ ችግር የለብንም።

ምላሽ 17። አሥራ ስድስተኛውን ተከትሎ የአበል ክርክር ተነሳ። የምሳና የትራንስፖርት ገንዘብ የተቀበለ ሰው በጎ ፈቃደኛ ነው ወይስ አይደለም? ጸሐፊው አይደለም ባይ ነው። እኔ አልስማማም። ከአስተማሪ ደመወዝ ላይ በየቅዳሜው የታክሲ ማውጣት የማይችሉ አባላት አሉን፤ ታክሲያቸውን ካልሸፈንን አቅም ያለው ብቻ የሚያገለግልበት ክበብ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገብቶ ተሰዳደበ፤ የተሰረዙትን አልጻፍኩም።

ምላሽ 18። ከደብረ ማርቆስ፣ አስተማሪ። ስለ 400 ችግኛችን ጠየቀኝ፤ ስንቱ ጸደቀ? አላውቅም ብዬ መመለሴ አሳፍሮኛል። ከ2011ዱ የአረንጓዴ አሻራ ወዲህ መትከል ለሁላችንም ለምዷል፤ የተተከለውን መቁጠርም እንዲሁ። ችግኝ የሚሞተው ግን ሐምሌ ላይ አይደለም፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ነው። የቀረውን ፍየል ይጨርሰዋል። በሱ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ አምስት ችግኝ ብቻ ይይዛል። በእሾህ ያጥራል፣ ጥር ሲገባ ከቤቱ በሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ እያመጣ ያጠጣል። ሰኔ ላይ የሚቆጠረው በሕይወት ያለው ነው። ለኛ ክበብ 400 ብዙ ነው፣ 100 ተክላችሁ አጠጡ አለኝ።

ምላሽ 19። ስለ ጭድ። የጤፍ ጭድ ይሻላል ወይስ የገብስ? ምላሽ 3 ላይ የጻፈው ሰው የጤፍ ብሎ ቆረጠ፤ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ከጭቃው ጋር ይዋሃዳል። ከብት ያላቸው ሰዎች ገብተው ስለ መኖ ዋጋ ለረጅም ጊዜ አወሩ።

ምላሽ 20። ይህን ሳነብ ዝም አልኩ። ጂዳ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ልጅ እያለች መስከረም ላይ ደርዘን ደብተር ይሰጧት ነበር፤ አሁንም ሰጪዎቹን ታመሰግናለች። የካቲት ላይ ግን ደብተሩ ያልቃል፣ እስክሪብቶም ይጠፋል፣ ያኔ የሚጠይቅ የለም። ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ወር በመጣ ቁጥር ሞዴስ ስለሌላት ሦስት አራት ቀን ከትምህርት ትቀር ነበር። ትምህርቱ የተቋረጠው በአንድ ቀን ሳይሆን እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ነው። አሁን ለአምስት ሴት ልጆች የሚሆን በየወሩ መላክ ትፈልጋለች፤ ገንዘቡ መስከረም ላይ እንዳይሰጥ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት በየወሩ እንዲከፋፈል ነው ቃሏ። ከሁለቱ ነርሶቻችን አንዷ ወዲያው በውስጥ መስመር አነጋገረቻት።

ምላሽ 21። አምስተኛው ሰው ተመለሰ። አልለዘበም። ሪፖርቱን ለቀበሌና ለለጋሽ ብቻ ለምን ትልካላችሁ፣ ለተረዱት ሰዎች አንብቡላቸው አለ። ያ ቤታቸው የረገፈ እናት ስለሳቸው የተጻፈውን ሰምተው ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ይበሉ። ስድስተኛዋ ይህን ወደደችው። እኔም ወድጄዋለሁ፣ ከባድ ቢሆንም።

ምላሽ 22። የኔው ነው። ሪፖርቱን እንደገና ጽፌዋለሁ። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ የሠራነው፣ ሌላው ተመልሰን ያየነው። ሁለተኛው ዓምድ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው፣ ባዶውን እንዳለ ትቼዋለሁ። ከሦስቱ ቤቶች ሁለቱን በዚህ ሳምንት ሄደን አይተናል፤ አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ በሩ አይዘጋም። ስለ እናታችን ቤት የቅሬያቸውን ዳኛ አነጋግረናቸው ሦስት ጎረቤት መድበዋል። ምርጊቱን አሁን አንነካውም። ክረምቱ ሳይጠና ክፈፉን እናስረዝማለን፣ ቦይ እንቆፍራለን፣ ከሥሩ ድንጋይ እንደረድራለን፣ የረገፈውን ቦታ ለጊዜው በላስቲክ እንሸፍናለን። ይህን ሁሉ ከመወሰናችን በፊት እሳቸውን ጠየቅናቸው። በመጀመሪያ የፈለጉት ቦዩን ነው፤ ሌሊት ውሃ እየገባ መደባቸውን ያርስባቸው ኖሯል። ነሐሴ ላይ ማናችንም አልጠየቅናቸውም ነበር።

ምላሽ 23። ከኮምቦልቻ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ጤፍ ሲወቃ ለምርጊት የሚበቃ ጭድ ከአባቱ አውድማ በነፃ ይሰጣል፣ ማጓጓዣ ግን የለውም።

ምላሽ 24። አራተኛው የደሴ ሰው አይሱዙ ያለው ዘመድ አለው፣ የነዳጅ ብቻ ከተቻለ ያመጣልናል። የሜሪላንዱ ወንድም ነዳጁን ቻለ።

ምላሽ 25። የኔ። ቅዳሜ ጠዋት 1፡30 ፒያሳ እንገናኝ። አካፋ አራት አለን፣ ዶማ አንድ ብቻ ነው፤ ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ። ቲሸርት አንለብስም።